ማጥፊያው በማን እጅ ነው?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ፍቅር ያደረብኝ ገና በልጅነቴ ነው። አዲስ ስልክም ሆነ አዲስ ኮንሶል (የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን) ሲወጣ ዝርዝሩን በቃሌ እይዛለሁ። አሁን ያለኝ ፕሌይስቴሽን 4 ሲሆን ወደ ሠላሳ የሚጠጉ የጨዋታ ዲስኮች አሉኝ። ገንዘብ አጠራቅሜ አዲስ ኮንሶል ለመግዛት ብቃረብም መወሰን አቃተኝ። አንዱ ጓደኛዬ «ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ካልሆነ ባትገዛ ይሻላል» ይለኛል። ሌላው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስን ያደንቃል። ታናሽ እህቴ አብረን እንድንጫወት ኔንቴንዶ ስዊች 2 እንድገዛ ትለምነኛለች። እኔ ደግሞ ዲስክ የማያነበው ዓይነት ስለሚረክስ እሱን ገዝቼ ጨዋታዎቹን ከኢንተርኔት ማውረድ አስቤያለሁ። ቴሌቪዥኔ ፉል ኤችዲ በመሆኑ እሱንም መቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም። ከዚህ በፊት ጓጉቼ የገዛሁት ዘመናዊ ሰዓት ሠሪው ድርጅት አገልግሎቱን በማቋረጡ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «በዚህ ዕድሜህ መጫወቻ ትገዛለህ?» እያለ ይቆጣኛል። ምን ይመክሩኛል? አሮጌውንስ ልሽጠው?

ምርጫ የጠፋብኝ

መልስ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸኝ ስለ ኮንሶል ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ስለ ሰዓትህ ጣል አድርገህ ያለፍካት ዓረፍተ ነገር ናት። መስታወቱ አልተሰበረም፣ ውኃ አልገባበትም፣ ባትሪውም አልደከመም። ግን አይሠራም። አይተኸው በማታውቀው ቦታ ያለ ሰርቨር (የድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ስለተዘጋ ብቻ የራስህ ክንድ ላይ የነበረው ዕቃ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የምትጠይቀኝ ነገር አብዛኛው መልሱ እዚያ ስላለ ከእሱ ልጀምር።

አዲስ ዕቃ ሲወጣ ፍጥነቱን፣ የስክሪኑን ጥራት፣ የሜሞሪውን መጠን እንጠይቃለን። ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ እኔም እጠይቃቸዋለሁ፣ መልሳቸውን ማንበብም ደስ ይለኛል። ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ገንዘቤን ከፍዬ ቤቴ ካስገባሁት በኋላ ይህን ዕቃ ማን ሊያጠፋብኝ ይችላል? «ከእኔ በቀር ማንም» የሚል መልስ ያለው ዕቃ ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም ያንተ ነው። መልሱ «ድርጅቱ በፈለገ ቀን» ከሆነ ግን የገዛኸው ዕቃ ሳይሆን የጊዜ ገደቡ ያልተነገረህ ኪራይ ነው።

የተጋነነ እንዳይመስልህ የሆነውን ላስታውስህ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፔብል የተባለው ዘመናዊ ሰዓት በ2012 ከሕዝብ በተሰበሰበ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ መዋጮ የተጀመረ ነበር። በ2016 ድርጅቱ ተዘጋ፤ በ2018 ሰርቨሮቹም ጠፉ። ሰዓቶቹ ከዚያ በኋላም ያገለገሉት በጎ ፈቃደኛ ባለሙያዎች ሪበል በሚል ስም ተሰባስበው የራሳቸውን ሰርቨር ስላቆሙላቸው ነው። ስፖቲፋይ በመኪና ውስጥ ሙዚቃን ለመቆጣጠር የሠራው ካር ቲንግም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው፤ ዲሴምበር 9 ቀን 2024 ድርጅቱ ራሱ መሣሪያዎቹን በሙሉ ሥራ አቆማቸው። በልብስ ላይ የሚሰካውና ስልክን ይተካል የተባለለት የሂዩማን ኩባንያ ኤአይ ፒን በኤፕሪል 2024 ገበያ ላይ ዋለ፣ በፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ አገልግሎቱ ተቋረጠ። አንድ ዓመት እንኳን አልሞላውም።

ሁሉም ኩባንያ እኩል አይበድልም፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። ጎግል በኢንተርኔት ጨዋታ የሚያስተላልፈውን ስታዲያን በ2019 ጀምሮ በጃንዋሪ 2023 ሲዘጋው ሰዎች ከእሱ የገዟቸውን መሣሪያዎችና ጨዋታዎች ገንዘብ መልሷል። ከዚያም አልፎ የስታዲያ ጆይስቲክ እንደ ማንኛውም የብሉቱዝ ጆይስቲክ እንዲሠራ የሚያደርግ ማሻሻያ አውጥቷል። አገልግሎቱ ቢሞትም ጆይስቲኩ በሰው እጅ ሕይወቱን ቀጠለ ማለት ነው። ድርጅት ሲዘጋ እንዲህ መዝጋት ይችላል፤ ስለሚችልም ልንጠይቀው ይገባል።

እንግዲህ ወደ ኮንሶሉ ልምጣ። በመደርደሪያህ ላይ ያሉትን ሠላሳ ዲስኮች እንደ ተራ ነገር ጠቅሰሃቸዋል፤ ለእኔ ግን ካሉህ ንብረቶች ሁሉ ትልቁ እነሱ ናቸው። ፕሌይስቴሽን 5 ከጥቂቶቹ በስተቀር የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎችን በሙሉ ያጫውታል፤ ዲስክ ማንበቢያ ያለው ከሆነ ደግሞ ዲስኮችህን እንዳሉ ይቀበላል። ዲስክ የማያነበውን ስለረከሰ ብለህ ብትገዛና ማንበቢያ ለብቻው ገዝተህ ካልሰካህለት ግን አዲሱ ማሽን ላይ ሠላሳውም በአንድ ቀን ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። እንደገና መጫወት የምትፈልገውን ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ ትገዛለህ። በመጀመሪያው ቀን ያተረፍካት ልዩነት በሦስተኛውና በአራተኛው ጨዋታ ላይ ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ የምትገዛበት ሱቅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በኮንሶሉ ውስጥ ያለው፣ ዋጋውን ራሱ የሚወስነው ሱቅ ነው። ዲስክ ይዋሳል፣ ይለወጣል፣ ይሸጣል፣ ለወንድም ልጅ ይሰጣል። የወረደ ጨዋታ ካንተ አካውንት አይወጣም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በኢንተርኔት ሱቅ «ግዛ» የሚለውን ስትነካ በአብዛኛው የምትገዛው ጨዋታውን ሳይሆን ጨዋታውን የመጠቀም ፈቃድ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን ለሸማቹ በግልጽ እንዲነግሩ የኢንተርኔት ሱቆችን የሚያስገድድ ሕግ አውጥቶ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። ፈቃድ ደግሞ ሱቁ ከተዘጋ ምን ያህል እንደሚቆይ ማንም አይነግርህም። ኔንቴንዶ የቀድሞ ኮንሶሎቹን የ3ዲኤስንና የዊ ዩን የኢንተርኔት ሱቆች በማርች 2023 ለግዢ ሲዘጋ በዲስክም ሆነ በካርድ ወጥተው የማያውቁ ጨዋታዎች ከገበያ ጠፉ። በዚያው ዓመት ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት መሠረት በአሜሪካ ከወጡት የቀድሞ ዘመን ጨዋታዎች ውስጥ 87 በመቶው ዛሬ በመደበኛ ገበያ አይገኙም። አንድ ትውልድ የተጫወታቸው ሥራዎች ናቸው። በመጽሐፍ ላይ እንዲህ ቢደርስ ኖሮ ዝም የምንል አይመስለኝም።

ዲስክ ግን ዋስትና ነው ብዬ አላሞኝህም። ዩቢሶፍት የተባለው ጨዋታ ሠሪ ኩባንያ በ2014 ያወጣው ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ውድድር ጨዋታ ብቻህን ስትጫወትም ከሰርቨር ጋር ካልተገናኘ አይሠራም ነበር። ሰርቨሩ በማርች 2024 መጨረሻ ሲዘጋ ዲስኩን የገዙት ሰዎች እጅ ላይ የቀረው ፕላስቲክ ነው። የፕሌይስቴሽን ሠሪ ሶኒ ደግሞ ኮንኮርድ የተባለውን ጨዋታ በኦገስት 2024 አውጥቶ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው አወረደው፤ ገንዘቡን ግን መልሷል። ስለዚህ ዲስክ ስትገዛም ጠይቅ፦ ይህ ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት ይጀምራል? ታሪኩን ብቻዬን መጨረስ እችላለሁ? ከዲስኩ ላይ ያለው ሙሉው ጨዋታ ነው ወይስ ቁራጩ? የስዊች 2 አንዳንድ ካርዶች ላይ ጨዋታው ጭራሽ የለም፤ ካርዱ ቁልፍ ብቻ ሆኖ ጨዋታው ከኢንተርኔት ይወርዳል። ይህ በሽፋኑ ላይ ስለሚጻፍ እህትህ ስትመርጥ ሽፋኑን እንድታነብ ንገራት።

የጓደኛህን ምክር በተመለከተ፣ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ጥሩ ማሽን ነው። በኖቬምበር 2024 የወጣ ሲሆን የተሻለ ግራፊክስ ማቀነባበሪያና 2 ቴራባይት ማከማቻ አለው። ነገር ግን ዲስክ ማንበቢያ በካርቶኑ ውስጥ አይመጣም፤ ለብቻው ገዝተህ ትሰካለታለህ፣ ሲሰካም መጀመሪያ ላይ በኢንተርኔት መመዝገብ አለበት። ከሁሉም በላይ የፕሮ ትልቁ ጥቅም የሚታየው ከፉል ኤችዲ የበለጠ ጥራት ባለው በ4ኬ ቴሌቪዥን ላይ ነው። ያንተ ፉል ኤችዲ ነው። ፕሮን ከዚያ ቴሌቪዥን ጋር ካገናኘኸው ከከፈልከው ጭማሪ ውስጥ አብዛኛውን ዓይንህ አያየውም። ያኔ ቴሌቪዥን ለመቀየር ትገደዳለህ፤ ከዚያም ለአዲሱ ቴሌቪዥን የሚመጥን ድምፅ ማጉያ ያምርሃል። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ማብቂያ የለውም።

ቴሌቪዥንህን አትቀይረው። ፕሌይስቴሽን 5 በፉል ኤችዲ ቴሌቪዥን ላይ በደንብ ይሠራል፤ ካለህ ማሽን ጋር የሚኖረውን ልዩነትም በግልጽ ታየዋለህ፤ ልዩነቱ ግን ከፒክስል (ምስሉን ከሚሠሩት ነጥቦች) ብዛት የሚመጣ አይደለም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ብዙ ትልልቅ ጨዋታዎች በሰከንድ 30 ምስል ያሳያሉ፤ በአዲሱ ላይ አብዛኞቹ 60 የሚያሳይ ምርጫ አላቸው። በ30 አንዱ ምስል ስክሪኑ ላይ 33 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆያል፤ በ60 ደግሞ ወደ 17 ይወርዳል። እጅህ ያዘዘውን ዓይንህ ቶሎ ያያል ማለት ነው፤ ይህን ማንም ሰው ያለ ትምህርት ይገነዘበዋል። ሁለተኛው ለውጥ ኤስኤስዲው፣ ማለትም ፈጣኑ ማከማቻ ነው፤ ስልክህን አውጥተህ እስክትመለከት ድረስ ያስጠብቅህ የነበረው የመጫኛ ጊዜ ወደ ጥቂት ሰከንዶች ይወርዳል። አዲሱን ማሽን ከመግዛትህም በፊት በነጻ የምታገኘው ማሻሻያ አለ፦ የቴሌቪዥንህን ምርጫዎች ከፍተህ «ጌም ሞድ» የሚለውን አብራው። ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር የሚያደርገው ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ቁልፍ ከነካህበት እስከምታየው ድረስ ያለው መዘግየት መቶ ሚሊ ሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ጌም ሞድ ያንን ሥራ ያጠፋዋል። ስለ ቴራፍሎፕ (የማሽን የስሌት ፍጥነት መለኪያ) ሲከራከሩ የሚውሉ ብዙ ሰዎች ይህችን ምርጫ ሳያበሩ ለዓመታት ይጫወታሉ፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

ስለ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ የፕሌይስቴሽን 5 ካርቶን ላይ 8ኬ የሚል ጽሑፍ እንደነበር ታስታውሳለህ። በ2024 ከካርቶኑ ላይ ተነሣ። ኮንሶሉ ከወጣበት ከ2020 ጀምሮ በዚያ ጥራት ሊያጫውት የሚችል ጨዋታ ከጣት ቁጥር አላለፈም ነበር። ካርቶን ላይ ያለ ቁጥር ስለ ኩባንያው ምኞት ይናገራል፤ አንተ ስለምታሳልፈው ምሽት ግን የሚናገረው ትንሽ ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል፤ ይህን ታሪክ ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት። በ1989 ኔንቴንዶ በእጅ የሚያዘውን ኮንሶል ጌም ቦይን ሲያወጣ ስክሪኑ ቀለም የሌለው፣ ከጀርባው ብርሃን እንኳን የማያበራ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ተፎካካሪው ሴጋ ጌም ጊርን አመጣ፦ ባለ ቀለም፣ የሚያበራ፣ በወረቀት ላይ በሁሉም ነገር የሚበልጥ። ግን ስድስት የባትሪ ድንጋይ ይበላ ነበር፣ እነሱም ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ውስጥ ያልቁ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል። የጌም ቦይ ዋና ፈልሳፊ ጉንፔ ዮኮይ እምነቱ ግልጽ ነበር፤ ያረጀ፣ የረከሰ፣ ጠባዩ በሚገባ የታወቀ ቴክኖሎጂ ወስደህ ለአዲስ ነገር አውለው ይል ነበር። ጌም ቦይና ተከታዩ ጌም ቦይ ከለር በድምሩ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሽጠዋል። በ2006 የወጣው የኔንቴንዶ ኮንሶል ዊም እንዲሁ ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ በከፍተኛ ጥራት ምስል ሲፎካከሩ እሱ ያንን ጥራት ጭራሽ አያውቀውም ነበር፤ ግን አያትና የልጅ ልጅ አብረው ተነሥተው እጃቸውን እንዲያወዛውዙ አደረገ፣ ከ101 ሚሊዮን በላይም ተሸጠ። እነዚህን ማሽኖች የነደፉት ሰዎች ደካማ መሐንዲሶች አልነበሩም። ኃይልን የት ማውጣት እንዳለባቸው የሚያውቁ ነበሩ።

ከኃይል ይልቅ እኔ የማየው ጆይስቲኩን ነው። በአንድ ኮንሶል ከሚያልፈው ሰዓት ሁሉ ውስጥ እጅህ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ቀድሞ የሚበላሸውም እሱ ነው። በአብዛኞቹ ጆይስቲኮች ውስጥ አውራ ጣትህ የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ ከሥሩ በካርቦን የተቀባ ስስ ክፍል ላይ እየተፋተገ አቅጣጫህን ይለካል። ፍትጊያው ሲበዛ ክፍሉ ይበላል፤ ያኔ ሳትነካው ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ወደ ግራ መሄድ ይጀምራል። የስዊች ጆይስቲክ የሆነው ጆይ-ኮን በዚህ የተነሣ ብዙ ስሞታ ቀርቦበት በ2020 የኔንቴንዶ ፕሬዚዳንት ይቅርታ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ሆኖም መፍትሔው አዲስ አይደለም፤ በማግኔት የሚለካ፣ ምንም ነገር ከምንም የማይፋተግበት ዘንግ ሴጋ በ1998 ባወጣው ድሪምካስት በተባለ ኮንሶል ጆይስቲክ ላይ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ትንንሽ ኩባንያዎች በዝቅተኛ ዋጋ ይሠሩታል፤ ትልልቆቹ ግን ከኮንሶሎቻቸው ጋር ከሚያቀርቧቸው መደበኛ ጆይስቲኮች ጋር አይሰጡንም፤ የስዊች 2 ጆይ-ኮንም የለውም። ይህ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ተጠቃሚው በየጊዜው ጆይስቲክ እንዲገዛ የተተወ በር ይመስለኛል። አንተ ግን ጆይስቲክ ስትገዛ መጀመሪያ ዋስትናውን ጠይቅ፤ ደረሰኙንም አትጣለው።

ሌላው ጓደኛህ ስለ ኤክስቦክስ የሚለው እውነትነት አለው። ማይክሮሶፍት ለአሮጌ ጨዋታ ያደረገውን ክብካቤ ማንም ኮንሶል ሠሪ አላደረገውም፤ ሲሪስ ኤክስ ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዘመን ጀምሮ ያሉ በርካታ ዲስኮችን ይቀበላል፣ አንዳንዶቹንም ከነበሩበት አሳምሮ ያሳያል። ይህን ከልቤ አደንቃለሁ። የኤክስቦክስ ዲስኮች ቢኖሩህ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ያንተ ዲስኮች ግን የፕሌይስቴሽን ናቸው። ከዚህም ሌላ የኤክስቦክስ ብቻ የነበሩ ጨዋታዎች ወደ ሌሎች ማሽኖች መሻገር ጀምረዋል፤ ሲ ኦፍ ቲቭስ በ2024፣ ፎርዛ ሆራይዘን 5 ደግሞ በ2025 ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ወጥተዋል። በነገራችን ላይ ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ካልተገናኘ ጨዋታ እንዳያስጀምር፣ ዲስክ እንደ ልብ መዋዋስም እንዳይቻል አቅዶ ነበር። ተጫዋቾች ተቆጡ፤ ጥቂት ሳምንታት ሳያልፉ ዕቅዱ ተሠረዘ። ስለ ማጥፊያው የሚጠይቅ ገዢ ከበዛ ኩባንያዎች ይሰማሉ።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይኸውልህ፦ ዲስክ ማንበቢያ ያለውን መደበኛ ፕሌይስቴሽን 5 ግዛ። በኖቬምበር 2020 የወጣ ማሽን በመሆኑ ሕመሙ ታውቋል፣ ጥገናውን የለመዱ ባለሙያዎች በዝተዋል፣ ያገለገሉ ዲስኮችም እንደ ልብ ይገኛሉ። ኮንሶልን በወጣ ሰሞን መግዛት ምን እንደሚያመጣ ከኤክስቦክስ 360 ማየት ትችላለህ፤ በ2005 ወጥቶ በማሽኑ ላይ በሚበራው ቀይ ብርሃን በታወቀው ብልሽት የተነሣ በ2007 ማይክሮሶፍት ለዚያ ብልሽት ዋስትናውን ወደ ሦስት ዓመት ለማራዘምና ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመመደብ ተገድዷል። ቦታ ካነሰህ በፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ ፍጥነቱ የሚመጥን የኮምፒውተር ኤም.2 ኤስኤስዲ የሚገባበት ክፍት ቦታ አለ፤ ከአንድ ኩባንያ ብቻ እንድትገዛ አትገደድም። የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎችን ደግሞ በውጭ ዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጠህ ከዚያው መጫወት ስለምትችል የውስጡን ቦታ አትጨርስባቸው።

እህትህስ? ልመናዋን እንዳታልፈው። ሰው አብሮህ መጫወት ሲፈልግ ከማንኛውም ቴራፍሎፕ ይበልጣል። ስዊች 2ን ከመግዛትህ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክር፤ ላለህ ፕሌይስቴሽን 4 ሁለተኛ ጆይስቲክ አግኝና ኢት ቴክስ ቱ የተባለውን ጨዋታ አብራችሁ ጀምሩ። ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አንድ እርምጃ አይራመድም፤ በ2021 ዘ ጌም አዋርድስ በተባለው ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሏል። ለወራት በየማታው የምትጫወቱ ከሆነና እሷ የኔንቴንዶን ጨዋታዎች አሁንም የምትመኝ ከሆነ ያኔ ያገለገለ የመጀመሪያውን ስዊች ፈልጉላት። ከ2017 ጀምሮ የተጠራቀሙ ጨዋታዎቹ ተቆጥረው አያልቁም፤ ካርዶቹንም ወደፊት ስዊች 2 ብትገዙ አብዛኞቹን ይቀበላቸዋል።

ታላቅ ወንድምህ የሚቆጣው ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለ ገንዘቡ ይመስለኛል። ከራስህ ያጠራቀምከውን፣ ብድር ሳትገባ፣ የቤት ድርሻህን ሳታጓድል ካወጣኸው የሚያሳፍርህ ነገር የለም። ይህንኑ ቁጭ ብለህ በአክብሮት ንገረው፤ ሒሳቡንም አሳየው። በዕድሜ የሚያፍር ሰው ቢኖር ደብቆ የሚጫወት ነው።

ሰዓትን፣ ስልክን፣ የጆሮ ማዳመጫን በተመለከተ በአጭሩ ልበል። ሰዓት ስትገዛ ያለ ኩባንያው አካውንት ሰዓቱን መናገርና እርምጃ መቁጠር መቻሉን አረጋግጥ። ስልክ ላይ ከካሜራው በፊት ማሻሻያ ስንት ዓመት እንደሚሰጠው እይ፤ ጎግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል። የሊቲየም ባትሪ በየጊዜው አቅሙን የሚያጣ ነገር ነው፤ ባትሪው የማይወጣ ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ስትገዛ የሚሞትበትን ቀን አብረህ ትገዛለህ። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ባትሪ፣ ከተወሰኑ በስተቀር፣ ተጠቃሚው ራሱ ሊቀይረው የሚችል እንዲሆን ደንግጓል። ኩባንያዎች ለአንድ ትልቅ ገበያ የሠሩትን ለሌላውም መሸጣቸው የተለመደ ስለሆነ ካልቸኮልክ ያንን መጠበቅ ያዋጣሃል።

አሮጌውን ፕሌይስቴሽን 4 አትሽጠው። የሚሰጥህ ገንዘብ ከሚያገለግልህ ጋር አይመጣጠንም። ይልቅ ጥቂት ሥራ ሥራበት። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን አሻሽል፤ በውስጡ ሰዓቱን የምትጠብቅ ክብ ትንሽ ባትሪ አለች፣ ድሮ እሷ ካለቀችና ማሽኑ ከሶኒ ሰርቨር ጋር መገናኘት ካልቻለ ጨዋታዎች አይከፈቱም ነበር፤ በሴፕቴምበር 2021 የወጣው 9.00 ማሻሻያ ይህን አስተካክሎታል። ቀጥለህ አቧራውን አስጠርግ። ከዚያ የጨዋታ መዝገቦችህን፣ ማለትም በየጨዋታው የደረስክበትን የሚይዙትን ፋይሎች ሁሉ፣ በፍላሽ ገልብጥ፤ ፕሌይስቴሽን 4 ይህን ይፈቅዳል፣ ፕሌይስቴሽን 5ም ከፍላሹ ያነባቸዋል። በአዲሱ ማሽን ላይ ግን የፕሌይስቴሽን 5 ጨዋታዎችን መዝገብ ነጥሎ ወደ ፍላሽ መገልበጥ አይቻልም፤ የየጨዋታው መጠባበቂያ የሚቀመጠው ወርኃዊ ክፍያ ባለው የፕሌይስቴሽን ፕላስ አገልግሎት ነው። የአሮጌው ጆይስቲክ ደግሞ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ለፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታዎች ያገለግላል፤ ስለዚህ ከእህትህ ጋር ለመቀመጥ ሌላ ጆይስቲክ ወዲያውኑ መግዛት አይጠበቅብህም።